ሚኒ ኤልኢዲ ስክሪን በባሕር ዳር ብርሃን፦ ላፕቶፕ፣ ታብሌትና ቴሌቪዥን

ይህ ግምገማ በሦስት ዕቃዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ እና የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው አንድ መካከለኛ ዋጋ ያለው ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ናቸው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ከስክሪናቸው በስተጀርባ ያለው ብርሃን ሚኒ ኤልኢዲ በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን አምፖሎች፣ የተሠራ መሆኑ ነው። ሥራዬ ሠርግ፣ ክብረ በዓልና የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት መቅረጽና ማቀናበር ስለሆነ ሁለቱን ለእንጀራ፣ ቴሌቪዥኑን ደግሞ ለቤተሰብ እጠቀምባቸዋለሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት፣ እኩለ ቀን ላይ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ማንኛውንም ስክሪን ይፈትናል፤ ስለዚህም የእኔ ሚዛን መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ ፊልም ከሚመለከት ሰው ሚዛን ቢለይ የሚገርም አይሆንም።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሚኒ ኤልኢዲ ለቴሌቪዥን፣ ያውም ቀን ቀን ብርሃን ለሚበዛበት ሳሎን፣ ለሚወጣበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለላፕቶፕ የሚጠቅመው ሥራው ከቪዲዮና ከፎቶግራፍ ጋር ለተያያዘ ሰው ነው፤ በታብሌት ላይ ግን ጊዜው እያለፈበት ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው የአምፖሎቹ ማነስ አይደለም። አምራቹ ያንን ሁሉ ብርሃን መቼ እንዲወጣ እንደፈቀደና በስንት ቦታ ከፋፍሎ እንደሚያዝዘው ነው ነገሩን የሚወስነው፤ እነዚህ ሁለት ነገሮች ደግሞ በካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ ተጽፈው አይገኙም።

ነገሩን ከመሠረቱ ለማየት ያህል፣ ኤልሲዲ የሚባለው የስክሪን ዓይነት በራሱ ብርሃን አያመነጭም። ፊት ለፊት የምናየው የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን እያሳለፈና እየከለከለ ምስል ይሠራል እንጂ ብርሃኑ የሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ይህን ብርሃን የሚሰጡት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ነበሩ፤ ኋላም በኤልኢዲ ተተኩ። ዛሬ በየቤቱ «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» ሲባል የምንሰማው ከጥቂቶቹ በቀር ጀርባው ላይ ኤልኢዲ የተደረደረለት ኤልሲዲ ነው። የዚህ አሠራር ዋና ድካም ጥቁር ቀለም ላይ ይታያል። ንጣፉ ብርሃኑን ፈጽሞ ሊከለክለው ስለማይችል ጥቂቱ ሾልኮ ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት ማታ መብራት አጥፍተን ስንመለከት ጥቁር መሆን የሚገባው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይታየናል። አይፒኤስ በሚባሉት ንጣፎች ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት 1,000 ለ1 ገደማ ሲሆን፣ ቪኤ በሚባሉት ላይ 3,000 ለ1 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ቪኤዎቹ ግን ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው ይፈዛል።

የተገኘው መፍትሔ የጀርባውን ብርሃን በየቦታው ለይቶ ማደብዘዝ ነው፤ ይህም ቤቱ ሁሉ በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ከሚታዘዝ ይልቅ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማብሪያ እንደመስጠት ያለ ነው። ለብቻው የሚደበዝዘው እያንዳንዱ ቦታ ዞን ይባላል። ሚኒ ኤልኢዲ ይህን አሳብ አልፈጠረውም፤ ትልልቅ ኤልኢዲ ያላቸው ቴሌቪዥኖችም ከዚያ በፊት በዞን ይደበዝዙ ነበር። አዲስ ነገር የመጣው አምፖሉ ወደ 0.1 እና 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያንስ ነው፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ጥቂት መቶ አምፖሎች በሚቀመጡበት ሰሌዳ ላይ በሺህ የሚቆጠሩትን መደርደርና ዞኖቹን ማብዛት ተቻለ። የቻይናው ቲሲኤል እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ዘዴ የተሠራ ቴሌቪዥን ለገበያ አቀረበ፤ በ2020 ኤምኤስአይ 240 ዞኖች ያሉትን ክሪኤተር 17 የተባለ ላፕቶፕ አወጣ፤ በ2021 ሳምሰንግ «ኒዮ ኪውኤልኢዲ»፣ ኤልጂ ደግሞ «ኪውኤንኢዲ» በሚሉ ስሞች ተከተሉ። አፕል አይፓዱንና ማክቡኩን ያወጣውም በዚያው በ2021 ነው።

የአምፖል ብዛትና የዞን ብዛት አንድ አይደሉም፤ በየሱቁ በጣም የሚምታታውም ይኸው ነው። አይፓድ ፕሮን ብንወስድ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው የ2020 ሞዴል ከስክሪኑ በስተጀርባ 72 ኤልኢዲ ብቻ ነበረው። በ2021 ቁጥሩ ወደ 10,384 ዘለለ፤ ዞኖቹ ግን 2,596 ናቸው፤ ማለትም በአንድ ዞን አራት አራት አምፖሎች አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይደበዝዛሉ። 2,596 ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ስክሪኑ 2,732 በ2,048፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) ስላሉት አንድ ዞን ከ2,100 የሚበልጡ ፒክስሎችን በአንድነት ይገዛል። ወደ ቴሌቪዥን ስንመጣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ባለ 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ስላለው፣ ዞኖቹ 500 ቢሆኑ እያንዳንዱ ዞን ከ16,500 በላይ ፒክስል ይሸከማል። ኦኤልኢዲ በሚባለው ስክሪን ላይ ግን እያንዳንዱ ፒክስል ለራሱ የሚበራና የሚጠፋ ስለሆነ ዞን የሚባል ነገር የለም።

ይህ ስሌት በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከማኅሌት ቀረጻ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። ከንጋት በፊት፣ የኤሌክትሪክ መብራት ሳይበዛበት በቅኔ ማኅሌቱ የተቀረጸ ምስል ውስጥ ጨለማው ሰፊ ነው፤ በመካከሉ የጧፍ ነበልባሎች አሉ፤ የሊቃውንቱ ነጠላ በከፊል ብርሃን ይታያል፤ ጸናጽሉ አልፎ አልፎ ያብለጨልጫል። በተራ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ላይ ይህ ምስል በሙሉ አመድ የነፋበት ይመስላል። በሚኒ ኤልኢዲው ቴሌቪዥን ላይ የጣሪያው ጥግና የአምዶቹ ጥላ በእርግጥ ይጠቁራል፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን ሳያደርጉትም የሚታወቅ ነው። ሆኖም አንድ የጧፍ ነበልባል በስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቦታ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ለእርሱ ሲባል የሚበራው ዞን ግን ሰፊ በመሆኑ በነበልባሉ ዙሪያ ፈዛዛ የብርሃን ጭጋግ ይታያል። ጧፎቹ ተቀራርበው ሲቆሙ ጭጋጎቹ ይገናኙና የጨለማው ጥቁረት በዚያ በኩል ይጠፋል። ቴሌቪዥኑ ጭጋጉን ለመቀነስ ሲል ዞኑን ሲያደበዝዝ ደግሞ ነበልባሉ ራሱ ይደክማል፤ በሪሞቱ የማደብዘዣውን መጠን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እየለዋወጥሁ ስመለከት ከሁለቱ ጉዳቶች አንዱን መምረጥ እንጂ ሁለቱንም ማምለጥ አልተቻለኝም።

በአንጻሩ የደመራን ቀረጻ ስከፍትበት ያው ቴሌቪዥን ሌላ ዕቃ ይሆናል። እሳቱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ዞኖችን ሞልቶ ይይዛል፤ ብርሃኑ ሳይሰስት ይወጣል፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ፊት ላይ የሚያርፈው ቀይ ወጋገን ከኋላው ካለው የሌሊት ጨለማ ተለይቶ ይታያል። የሚጎድለው ወደ ላይ የሚበተነው ፍንጣሪ ነው። ከዋናው እሳት ርቀው ብቻቸውን የሚበሩትን ጥቃቅን ነጥቦች መሣሪያው ከቁም ነገር ስለማይቆጥራቸው ደብዝዘው ይቀራሉ፤ በሌሊት ሰማይ ላይ ያሉ ከዋክብትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ዞኖቹን የሚያዝዘው የአምራቹ ፕሮግራም ጥራት እንደ ዞኑ ብዛት ሁሉ ዋጋ አለው፤ እኩል ዞን ያላቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች አንድን ነበልባል በተለያየ መንገድ ሊያሳዩት ይችላሉ።

ወደ ላፕቶፑ ልለፍ። ማክቡክ ፕሮ ሲሸጥ ጎልቶ የሚነገረው ቁጥር 1,600 ኒት ነው፤ ኒት የድምቀት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ስክሪን እስከ 1,000 ኒት ያለማቋረጥ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ደግሞ እስከ 1,600 ኒት ያወጣል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ኤችዲአር ተብሎ በሚታወቀው፣ ሰፊ የድምቀት ልዩነት ይዞ በተዘጋጀ ቪዲዮ ወይም ፎቶግራፍ ላይ ብቻ ነው። ጽሑፍ ስንጽፍ፣ ድረ ገጽ ስናነብ ወይም የሒሳብ ሰንጠረዥ ስንሠራ የ2021ዱ ማክቡክ ፕሮ ከ500 ኒት አያልፍም። በ2022 የወጣውና ሚኒ ኤልኢዲ የሌለው ማክቡክ ኤርም 500 ኒት ነው። እንግዲህ ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ሁለቱ በድምቀት እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱም ስክሪናቸው የሚያንጸባርቅ ስለሆነ የሐይቁ ነጸብራቅ በሁለቱም ላይ እኩል ያስቸግራል። አፕል በ2023 መጨረሻ ባወጣቸው ሞዴሎች ይህን የተራ ሥራ ድምቀት ወደ 600 ኒት ከፍ አደረገው፤ በ2024 ባወጣቸው ላይ ደግሞ አካባቢው ብርሃን ሲበዛበት እስከ 1,000 ኒት እንዲወጣ ፈቀደ፤ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስክሪንም በተጨማሪ ክፍያ አቀረበ። ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው ልብ ማለት ያለበት ከእነዚህ ከ2024 ጀምሮ ያሉትን ነው። የተቆለፈውን ድምቀት የሚከፍቱ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ባትሪ ስለሚጨርሱና ማሽኑን ስለሚያሞቁ ለዕለት ሥራ አልመርጣቸውም።

ለእኔ ሥራ ግን ይህ ስክሪን ውድነቱን ያስረሳል። በጥምቀት ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መካከል የሚቀረጽ ምስል በተራ ስክሪን ላይ ሲቀናበር ነጩ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ የቀሚሱ ሽመና፣ የነጠላው እጥፋት፣ ጥላው በነጭ ላይ ያለው ልስላሴ ይጠፋል። በማክቡክ ፕሮ ላይ ኤችዲአር ሆኖ ሲከፈት በነጩ ውስጥ ሌላ ነጭ፣ በጃንጥላው ወርቃማ ጥልፍ ውስጥ የብርሃኑ ነጥብ ተለይቶ ይታያል፤ የትኛው ቦታ በእውነት እንደተቃጠለ፣ የትኛው ደግሞ ሊድን እንደሚችል በርግጠኝነት ይታወቃል። አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ደንበኛው የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ወስዶ የሚያየው ብዙውን ጊዜ በተራ ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ በተራው ደረጃ አዘጋጅቶ በተራ ስክሪን ላይ ሳያዩ ማስረከብ ለቅሬታ ይዳርጋል።

ብዙ የማይነገርለት ሌላ ጉዳይ ብልጭታ ነው። ሚኒ ኤልኢዲ በአብዛኛው ድምቀቱን የሚቀንሰው አምፖሉን እጅግ በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። አብዛኛው ሰው አያውቀውም፤ ዓይናቸው ለእንዲህ ያለ ነገር የሚከፋ ሰዎች ግን ለረጅም ሰዓት ሲሠሩ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ይሰማቸዋል። ቀራጮች ደግሞ በሌላ መልኩ ያገኙታል። በአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሽ መብራት እንዳይንቀጠቀጥ የካሜራውን መዝጊያ በሰከንድ 1/50 ላይ እናደርጋለን፤ ያ መጠን ለአምፖሉ ሲስማማ ከሙሽሮቹ ጀርባ ለተሰቀለው ስክሪን ላይስማማ ይችላልና በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰንበሮች ይሮጣሉ።

ስለ ታብሌቱ ብዙ የምለው የለኝም። ባለ 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ በ2021 ሲወጣ በአሜሪካ ከ1,099 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 11 ኢንቹ ሚኒ ኤልኢዲ አልነበረውም። በተራ አጠቃቀም 600 ኒት ስለሚሰጥ ለደንበኛ በግቢ ውስጥ ቆሞ የፎቶ አልበም ለማሳየት ደኅና ነው። በጨለማ ውስጥ በጥቁር ገጽ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ሲነበብበት በፊደላቱ ዙሪያ ጭጋግ መታየቱን ገዢዎች ገና ሞዴሉ እንደወጣ ሲናገሩ ነበር፤ ታብሌት ደግሞ ፊት አጠገብ ተይዞ፣ ብዙውን ጊዜም አልጋ ላይ ሆኖ የሚነበብ ዕቃ በመሆኑ ይህ ጉድለት ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በእርሱ ላይ ይጎላል። አፕል ራሱ በግንቦት 2024 አዲሶቹን አይፓድ ፕሮዎች ወደ ኦኤልኢዲ አዛውሯቸዋል። ያገለገለ ለሚገዛ ሰው የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻጩ «ፕሮ ነው» ስላለ ብቻ ሚኒ ኤልኢዲ አለው ማለት አይደለም፤ ያላቸው ባለ 12.9 ኢንቾቹ አምስተኛና ስድስተኛ ትውልዶች ብቻ ስለሆኑ ከቅንብሩ ውስጥ ገብቶ የሞዴሉን ስም ማንበብ ይገባል።

ቴሌቪዥኑ ዘለግ ያለ ቃል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሚኒ ኤልኢዲ ከሦስቱ ይልቅ ለእኛ ቤት የሚስማማው በዚህ ነው። በላፕቶፑ ላይ ያየነው የድምቀት ገደብ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ኤችዲአር ያልሆነ ተራ ስርጭትም ቢሆን ባለቤቱ በቅንብሩ የጀርባውን ብርሃን ከፍ ባደረገው መጠን ይደምቃል። በሳተላይት የምናያቸው የአገራችን ቻናሎች ኤችዲአር አይደሉም፤ ታዲያ በዚህ ስክሪን ላይ ቢታዩ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥቅሙ ቀን ላይ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ፣ ቡና እየተፈላ ኳስ በሚታይበት ሰዓት ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ከተጫዋቾቹ ጋር የሚሄደው ጥላ ይለያል፤ መጋረጃ ዝጉ የሚል ጭቅጭቅ አይነሳም። ብርሃኑ ከጠርዝ ብቻ በሚመጣባቸው ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ላይ ኳሱ ከጥግ ወደ ጥግ ሲሻገር የሚታየው የሣሩ መዥጎርጎርም በእጅጉ ይቀንሳል፤ አምፖሎቹ ከጀርባ በሙሉ የተደረደሩ በመሆናቸው ነው።

ጉድለቱን ሳልሸፍን ልናገር። የእኔው ቴሌቪዥን ዞኖቹ ጥቂት ከሚባሉት ወገን ስለሆነ ማታ ፊልም ሲታይ በታችኛው ጥቁር ክፍል ላይ የሚመጣው ነጭ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር አካባቢው አብሮ ይነጣል፤ ጽሑፉ ሲሄድ ይጠቁራል፤ ይህ መመላለስ አንዴ ዓይን ከገባ በኋላ ለመርሳት ያስቸግራል። በላይኛው ጥግ የሚቀመጠው የቻናሉ ምልክትም ተመሳሳይ ጭጋግ ያመጣል። ከሁሉ ይልቅ ያስተዋልሁት ግን ከሳሎናችን አደራደር ጋር የተያያዘ ነው። እንደ ብዙው የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ቤት ሁሉ የእኛም ሶፋ በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ የተሰለፈ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሁለት ሦስት ሰው ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ግማሹ ከጎን ያያል። ንጣፉ ቪኤ በመሆኑ ከጎን የተቀመጠው ሰው ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጭጋጉም የጨመረ ምስል ነው የሚደርሰው። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ስክሪኑን ፊት ለፊት የሚያሳዩ በመሆናቸው ይህ አይነገርም። ከጎን የሚታየውን የሚያሻሽል ተጨማሪ ንጣፍ የተደረገላቸው ሞዴሎች አሉ፤ በዋጋም ከፍ ይላሉ፤ እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ግን ከተጨማሪ ዞን ይልቅ ይህኛው ቢቀድም እመርጣለሁ።

ኦኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከጎንም ቢታይ ቀለሙ አይጠፋም፤ ጭጋግም የለውም፤ ማኅሌቱን እንደተቀረጸው የሚያሳየው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ሙሉ ስክሪኑ ነጭ በሆነ ምስል ላይ ድምቀቱ ከጥሩ ሚኒ ኤልኢዲ ያንሳል፤ አንድ ምልክት ለዓመታት በአንድ ቦታ ከቆመበትም ዱካው ሊቀርበት ይችላል። በእኛ አካባቢ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ የዜና ቻናል ላይ ተከፍቶ የሚውልባቸው ቤቶችና ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም።

ኤችዲአር ይዘት ማየት ለሚፈልግ ሰው ምንጩ በአብዛኛው ኢንተርኔት ነው፤ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ ምስል ቢያንስ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ፍጥነት ያለው መስመር ይመክራል። ይህን ያህል የማይደርስ መስመር ያለው ቤት ገንዘቡን ለ1,500 ኒት ከመክፈሉ በፊት ያስብበት። ከቅርብ ዓመታት ስልኮች ብዙዎቹ ኤችዲአር ስለሚቀርጹ የቤተሰብ ቪዲዮን በፍላሽ ማየት ሌላው መንገድ ነው፤ የልጅ ልደት በዚህ መንገድ ሲታይ ከማንኛውም ቻናል የተሻለ ጥራት ያለው መሆኑ ራሴንም አስገርሞኛል።

ስለ መሸጫ ቦታው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑን ስመርጥ አንድ ወጣት ሻጭ «ጋሼ፣ ኪውኤልኢዲና ሚኒ ያው አንድ ናቸው፤ ስሙ ነው የተለየው፤ አይጠራጠሩ» ብሎኝ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ እርሱም የሰማውን ነው የነገረኝ። ኪውኤልኢዲ የሚለው ስም ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ያሉበትን ንጣፍ ይመለከታል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ንጹሕ ቀይና አረንጓዴ በመለወጥ ቀለሙን ያደምቃሉ፤ እነዚህን ቅንጣቶች ያገኙትና ያዳበሩት ሳይንቲስቶች በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከቀለሙ ጋር እንጂ ከብርሃኑ ክፍፍል ጋር የተያያዘ ስላልሆነ፣ ኪውኤልኢዲ ተብሎ አንድም ዞን የሌለው ቴሌቪዥን ሊኖር ይችላል፤ ብዙም አለ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘም አለ። «ሚኒ ኤልኢዲ» ለመባልም ቢሆን ቢያንስ ይህን ያህል ዞን ይኑረው የሚል ሁሉም አምራች የሚገዛበት ሕግ ስለሌለ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በሱቅ ውስጥ የሚታየው ምስል ደግሞ ዓይንን ለመሳብ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ቀለሙ በሙሉ የጎላ፣ ጨለማ የሌለበት፣ ጽሑፍም የማይወጣበት ነው። እኔ በፍላሽ ይዤ የምሄደው ጥቁር ገጽ ላይ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነጭ ክብ፣ የአማርኛ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ የሚያልፍበት የፊልም መጨረሻና ጥቂት የማኅሌት ቀረጻ ነው። ክቡ ሲንቀሳቀስ የሚከተለውን ጭጋግ ስፋት ማየት ስለ ዞኑ ብዛት ከሻጩ ቃል የበለጠ ይናገራል። መብራቱን ለጥቂት ጊዜ እንዲያጠፉልኝና ከጎን ቆሜ እንዳይ ስጠይቅ እንቢ ያለኝ ባለ ሱቅ እስካሁን የለም።

የቀረው የኤሌክትሪክና የጥገና ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሚኒ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ድምቀቱ ከፍ ሲደረግ ከተራው የበለጠ ኃይል ይወስዳል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት በባትሪና በኢንቨርተር የሚጠቀም ሰው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተጻፈውን የዋት መጠን ከኢንቨርተሩ አቅም ጋር ሳያመሳክር መግዛት የለበትም፤ በባትሪ ሲሆንም ድምቀቱን ዝቅ ማድረግ ሰዓቱን ያራዝማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ለማንኛውም ቴሌቪዥን ጠላት ስለሆነ ያለ ስታቢላይዘር መሰካቱን አልደግፍም።

በተራ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት ድምፁ እየተሰማ ምስሉ መጥፋቱ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ካሉት የኤልኢዲ መደዳዎች አንዱ አምፖል ሲቃጠል የሚሆን ነው፤ አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ በአንዱ ምክንያት መደዳው ሁሉ ይጠፋል። በባሕር ዳርም በፍኖተ ሰላምም በዳንግላም ይህን የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ስክሪኑን በጥንቃቄ ያነሱታል፣ የተቃጠለውን መደዳ ያወጣሉ፣ ተመሳሳዩን ገዝተው ይተካሉ። በሚኒ ኤልኢዲ ላይ ግን አምፖሎቹ በሺዎች ሆነው፣ የሚያዝዟቸውን ረቂቅ ዕቃዎች ጭምር ይዘው በሰፋፊ ሰሌዳዎች ላይ የተበየዱ በመሆናቸው ይህ የለመድነው ጥገና አይሠራባቸውም፤ ሰሌዳውን በሙሉ መቀየር ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ደግሞ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። አንድ የማውቀው ጠጋኝ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ሲመጣለት ከፍቶ አይቶ መልሶ ከመዝጋት በቀር ብዙ የሚያደርገው እንደሌለ ነግሮኛል። ስለዚህ ዋስትናው በቃል ሳይሆን በወረቀት፣ የሱቁ ማኅተም አርፎበትና የጀርባውን ብርሃን እንደሚጨምር ተጽፎበት ካልተሰጠ ዋጋው ቢቀንስም አልገዛም። ከሱቁ ከመውጣት በፊትም ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም ሙሉ ግራጫ በሆነ ምስል ሞልቶ ከጥግ እስከ ጥግ ማየት ይበጃል፤ የማይበራ ወይም ከጎረቤቱ ያነሰ ዞን ካለ በዚያን ጊዜ በግልጽ ይለያል፤ ቤት ከደረሰ በኋላ ግን በጉዞ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው እየተባለ ለክርክር ይዳርጋል።